ላብ ገብቻለሁ፣ ወረቀቴ ግን አያውቅም

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የተማሪ ውጤት ለሚይዙ የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራሮች፣ እንዲሁም ከውጭ አገር የመጣ ማመልከቻ ለሚመለከቱ የሕክምና ትምህርት ቤት የቅበላ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የላብ (የላብራቶሪ) ሰዓትና የኮርስ ዝርዝር ከትራንስክሪፕት ጋር እንዲሰጥ፣ የማይታይ ማመልከቻም ክፍያ ከመቀበሉ በፊት እንዲነገር ስለመጠየቅ

ሁለታችሁ ተያይታችሁ አታውቁም። አንዳችሁ ተማሪው የተማረውን ትመዘግባላችሁ፤ ሌላችሁ የተመዘገበውን ታነባላችሁ። በመካከል ቆሞ የአንዱን ወረቀት ለሌላው የሚያስረዳው አመልካቹ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለታችሁም ዘንድ ቃሉ ብቻውን አይታመንም። አለመታመኑ ቅር አላሰኘኝም። የተጭበረበረ ሰነድ ይዞ የሚመጣ እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገ የሰው ሕይወት በእጁ የሚሰጠውን ሰው ማጣራትም ተገቢ ነው። ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው፦ አንዳችሁ አምጣ የምትሉትን ወረቀት ሌላችሁ እንዲህ ያለ ነገር አንሰጥም ትላላችሁ።

የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በኬሚስትሪ ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ሁለት ሴሚስተር ተምሬያለሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን በላብ አሳልፌያለሁ። አጥልያለሁ፣ አንጥሬያለሁ፣ የማቅለጫ ነጥብ ለክቻለሁ። ክሪስታሉ አልወጣ ብሎኝ የፍላስኩን የውስጥ ግድግዳ በመስታወት ዘንግ ስፍቅ ያመሸሁበትን ቀን እስካሁን አልረሳውም። ትራንስክሪፕቴ ግን ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ጨርሶታል፦ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ 1፣ 4 ክሬዲት። በእኛ ካሪኩለም ላቡ ከሌክቸሩ ጋር አንድ ላይ ይታሰብ ስለነበር ለብቻው ቁጥር የለውም።

ያመለከትኩበት ትምህርት ቤት የመለሰልኝ አጭር ነበር፤ ኮርሱ ላብ ስለመኖሩ ማስረጃ የለም፣ በሬጅስትራር የተረጋገጠ ማስረጃ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ይላክልን። ወደ ሬጅስትራር ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል የነገሩኝ ደግሞ ከዚያም ያጠረ ነበር፤ እኛ የምንሰጠው ትራንስክሪፕት ነው፣ የኮርስ ጉዳይ የዲፓርትመንት ነው። ዲፓርትመንቱ ካሪኩለሙ ከእኔ በኋላ ተከልሷል፣ የድሮው ያለው በጊዜው ኮርሱን ያስተምሩ ከነበሩት መምህር ዘንድ ነው አለ። መምህሩ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ፈልገው አገኙልኝ። በላዩ ላይ ግን ማኅተም አልነበረም። ማኅተሙ የሬጅስትራር ነው። ሬጅስትራር ደግሞ እኔ ያላዘጋጀሁትን ሰነድ አላትምም አለ። አሥሩ ቀን ካለፈ ቆይቷል።

ይህን የምነግራችሁ ለራሴ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የእኔ ነገር እንደሚሆን ሆኗል። ይህ መመላለስ የሚጀምረው አመልካቹ ፎርም ሲሞላ ሳይሆን ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ቀድሞ መሆኑን ስለተረዳሁ ነው። እስቲ የአሜሪካውን መንገድ ከኋላ ወደ ፊት ልቁጠረው።

እዚያ ሕክምና የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ አራት ዓመት ይፈጃል። ዲግሪው በምን ይሁን አይሉም፣ በታሪክም በሒሳብም ተመርቆ ማመልከት ይቻላል። የሚጠይቁት ኮርሶቹን ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂን፣ ጀነራል ኬሚስትሪን፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ዓመት ከነላባቸው ይፈልጋሉ፤ ባዮኬሚስትሪም ቢያንስ አንድ ሴሚስተር። ከዚያ በላይ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት፣ ስታቲስቲክስ ወይም ካልኩለስ፣ ሳይኮሎጂ የሚጨምር አለ። የኦንላይን ላብ አልቀበልም የሚል አለ። በኮርስ ስም መጠየቁን ትቶ ብቃትን ብቻ እመለከታለሁ የሚልም አለ። አንድ አገር አቀፍ ዝርዝር የለም፤ የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት መስፈርት የሚያሰባስብበት የመረጃ ቋት አለው፣ መጨረሻው ቃል ግን የትምህርት ቤቱ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ባዮኬሚስትሪ ያለ ኦርጋኒክ አይወሰድም፤ ኦርጋኒክም ያለ ጀነራል ኬሚስትሪ። ኤምካት የሚባለው መግቢያ ፈተና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተለወጠ ወዲህ ባዮኬሚስትሪን አጥብቆ ይጠይቃል፤ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም ራሱን የቻለ አንድ ክፍል ሆነውበታል። ስለዚህ ባዮኬሚስትሪን ሳይጨርሱ ለፈተናው መቀመጥ በጨለማ መተኮስ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው። ይህን ሁሉ ደምሩት፦ በመጀመሪያው ዓመት ጀነራል ኬሚስትሪ፣ በሁለተኛው ኦርጋኒክ፣ በሦስተኛው ባዮኬሚስትሪና ፈተናው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ማመልከቻው። ቅድመ ሁኔታዎቹን በአራተኛ ዓመት ላይ የሰማ ተማሪ ጎበዝ ቢሆንም ባይሆንም ሦስት ዓመት ዘግይቷል። ይህን በመጀመሪያው ዓመት የሚነግረው ሰው ስንት ቦታ አለ? ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ስለ ኤምካት ካነሳሁ አይቀር፣ ከእንቅልፍ ጋር የሚያጣላ ፈተና ነው። አራት ክፍል አለው፤ ከነዕረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ድምር ውጤቱ ከ472 እስከ 528 ነው። በአንድ ዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመት ከአራት በላይ፣ በዕድሜ ዘመን ደግሞ ከሰባት በላይ አይፈተኑትም። ተመዝግቦ ያልቀረበ ሰውም እንደተፈተነ ይቆጠርበታል። ስለዚህ እስቲ ልሞክረው ብሎ መግባት ከሰባቱ አንዱን መጣል ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ አንዱን ጥያለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ፈተናው አልነበረም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አምካስ በሚባል የጋራ ማመልከቻ አገልግሎት በኩል ነው ማመልከቻ የሚቀበሉት፤ አምካስ ደግሞ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ በተገኘ ዩኒቨርሲቲ የተወሰደ ኮርስን አያረጋግጥም፣ አማካይ ውጤቱንም አያሰላም። ኮርሱ የሚቆጠረው እዚያ ያለ እውቅና ያለው ተቋም በዝውውር ክሬዲት ከተቀበለው ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የውጭ ዜጋ ማመልከቻን ከናካቴው አይመለከቱም። ከሚመለከቱት መካከልም በአሜሪካ ወይም በካናዳ ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል፣ አንዳንዶቹ እስከ 90 ክሬዲት እዚያው ተማር የሚሉ አሉ። የአንድ ዓመት ወይም የአራቱንም ዓመት ክፍያ አስቀድመህ በዝግ ሒሳብ አስቀምጥ የሚሉም አሉ። መስፈርታቸው ነው፤ መብታቸውም ነው። ነገር ግን ይህ መስፈርት ከክፍያው ገጽ በፊት መነበብ ሲገባው ከክፍያው በኋላ በሚመጣ ደብዳቤ ሲነገር ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

ሌላ አገር ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ እንዳይቸኩል። ብሪታንያ ውስጥ ሕክምና ከሁለተኛ ደረጃ ቀጥሎ የሚገባበት የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ትምህርት ነው፤ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በአብዛኛው በከፍተኛ ውጤት ይጠየቃሉ። ማመልከቻው ዩካስ በሚባል የጋራ ማመልከቻ አገልግሎት በኩል እስከ ኦክቶበር 15 ይገባል፤ ትምህርቱ የሚጀመረው በተከታዩ ዓመት መከር ነው። በአንድ ማመልከቻ ሕክምናን አራት ቦታ ብቻ ነው መምረጥ የሚቻለው። ፈተናው ዩካት ይባላል (ከዩካስ ጋር አታምታቱት፤ ያኛው ማመልከቻው ነው)፤ በዓመት አንዴ ብቻ ይፈተኑታል፣ ውጤቱም ለዚያው ዓመት ማመልከቻ ብቻ ያገለግላል። ከ2025 ጀምሮ በረቂቅ ቅርጾች የሚፈትነው ክፍል ተቀንሶለታል። ቢማት የሚባለው ሌላው ፈተና ደግሞ በ2023 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል፤ ለዚህ ለቀረው ፈተና አሮጌ መጽሐፍ ገዝቶ ሲያጠና የከረመ ሰው ግን አውቃለሁ።

ጀርመን የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀቱ ከእነሱ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ከአቢቱር ጋር እኩል ነው ወይ የሚለውን ነው። እኩል ካልሆነ ሽቱዲየንኮሌግ የሚባል መሰናዶ ትምህርት ቤት ገብቶ ለሕክምና የተመደበውን የኤም ኮርስ፣ በተለምዶ ሁለት ሴሚስተር ተምሮ፣ ማጠቃለያውን ማለፍ አለበት። የጀርመንኛ ችሎታው ሲ1 የሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ላይ መድረስ ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ በጥቂት ወር የሚደረስበት አይደለም። ጣሊያን በእንግሊዝኛ ለሚሰጠው የሕክምና ትምህርት አይማት የሚባል ፈተና አለው፤ 60 ጥያቄ በ100 ደቂቃ፣ ለትክክል 1.5 ይሰጣል፣ ለስህተት 0.4 ይቀነሳል። ካላወቁት መተው ይሻላል ማለት ነው፤ በግምት ማጥቆር ለለመደ ሰው ከባድ ነው።

አገሩ ይለያይ እንጂ አንድ ነገር በሁሉም ዘንድ አገኘሁ። ወረቀቶቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ ሰዓቶቹም አይገጣጠሙም። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎቹ፣ የአይኤልትስና የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። የኤምካትን ውጤት ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው የሚቀበሉት የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ዕድሜ እስካለው ነው። ኮርሱ ራሱ ዕድሜ የሚቆጠርበት ቦታ አለ። የድጋፍ ደብዳቤም የዘንድሮ ይሁን ይባላል። አመልካቹ አንዱን እስኪያሟላ ሌላው ይወድቅበታል፤ የወደቀውን ሲያነሳ ሦስተኛው ቀኑ ያልፋል። እኔ በሬጅስትራርና በዲፓርትመንት መካከል ስመላለስ የቋንቋ ፈተናዬ ጊዜው አለፈ። ቋንቋው አልጠፋብኝም፤ ወረቀቱ ግን እንደጠፋብኝ ተቆጠረ፤ እንደገና ተፈተንኩ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው።

ሬጅስትራሮች ሆይ፣ ካሪኩለሙን ለውጡ አልላችሁም። ላብ ያለውን ኮርስ በትራንስክሪፕቱ ላይ ላብ አለው በሉት፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ለስንት ሳምንት እንደሆነ ጻፉበት። አንድ ቃልና ሁለት ቁጥር ነው። ከጀርባው ላይ አንድ ክሬዲት በእናንተ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስፍሩ። የአውሮፓው ክሬዲት አንዱ ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ነው፣ አንድ ሙሉ ዓመትም 60 ነው፤ የአሜሪካው በሴሚስተር ሳምንታትና በክፍል ሰዓት ይቆጠራል፤ የእናንተ 4 ክሬዲት ከየትኛው ጋር እንደሚመጣጠን አንባቢው ከየት ያውቃል? የውጭ አገር ትምህርት ማስረጃ የሚገምት ድርጅት ይገምተዋል ትሉ ይሆናል፤ እሱም የሚገምተው እናንተ ከጻፋችሁት ነው።

የኮርስ ዝርዝርንም በየዓመቱ እንደተሰጠ አስቀምጡት። ካሪኩለም ሲከለስ አሮጌው ይጣል የሚል ሕግ የለም፤ በአሮጌው የተመረቀ ሰው ግን አሁንም በአሮጌው ነው የሚኖረው። ትራንስክሪፕት ሲጠየቅ ዝርዝሩም በአንድ ማኅተም አብሮ ይውጣ። ከእናንተ አንዱ ይህ የሥራ ጫና ነው ሲለኝ እውነቱን ነው አልኩ፤ ቢሆንም ጫናው አሁንም አለ፣ የተሸከመው ግን በየመስኮቱ የሚለምነው ተመራቂ ነው።

ስምንም አደራ። ስሜ በላቲን ፊደል በሦስት ሰነድ ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፎ አግኝቼዋለሁ፤ ሦስቱም እኔ ነኝ ብዬ መሐላ መፈረም ነበረብኝ። ፓስፖርት ያለው ተማሪ ሲመጣ በፓስፖርቱ እንዳለ ጻፉለት።

የቅበላ ክፍሎች ሆይ፣ ለእናንተ ያለኝ ያነሰ ነው፤ ግን የበረታ ነው። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የተወሰደ ኮርስ የማትቀበሉ ከሆነ በገጻችሁ መጀመሪያ ላይ፣ ክፍያ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ አትቀበሉም ብላችሁ ጻፉት። እያንዳንዱ ማመልከቻ በራሱ ይታያል የሚለው ቃል ደግነት ይመስላል፤ ተስፋ የሌለውን ሰው ግን አንድ ዓመት ያቆየዋል። የምትቀበሉ ከሆናችሁም ላብ መኖሩን የሚያረጋግጠው የትኛው ወረቀት እንደሆነ ተናገሩ። የዲፓርትመንት ደብዳቤ ይበቃል? የኮርሱ ዝርዝር (ሲለበስ)? የላብ ማኑዋል? አሥር የሥራ ቀን የምትሰጡት ሰው ያለበትን ቢሮ ሁኔታ አታውቁትም፤ ስለዚህ ቀኑን አርዝሙት፣ ወይም ደግሞ ጥያቄውን ከማመልከቻው በፊት እንዲያቀርብ መንገድ ክፈቱለት። ከእናንተ መካከል ይህን አስቀድመው የሚያደርጉ አሉ። አንዱን በኢሜይል ጠይቄ በሦስት ቀን ውስጥ አይሆንም ብሎ መልሶልኛል። እስካሁን ካገኘሁት መልስ ሁሉ ያመሰገንኩት ያን ነው፤ ገንዘቤንም ጊዜዬንም አተረፈልኝ።

የሚቀጥለውን ለእናንተ አልልም፤ እንድታውቁት ግን ይሁን። ሁለታችሁ ዝም ባላችሁበት ክፍተት ውስጥ ደላላ ገብቷል። ያለ ፈተና፣ ያለ ቅድመ ኮርስ፣ በወር ውስጥ እናስገባለን የሚል ሰው ሲመጣ፣ ሁለት ዓመት የተንከራተተ ልጅ ለምን አይሰማው? የሚያሳየው ማስረጃ ትምህርት ቤቱ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ ስሙ መኖሩን ነው። ማውጫው ራሱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ መግባት የጥራት እውቅና አይደለም ይላል። ልጁ ይህን የሚረዳው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የሥራ ፈቃድ ሲጠይቅ ይሆናል። የሚመረቅበትን ትምህርት ቤት ማን እውቅና እንደሰጠው፣ ሊሠራበት ያሰበው አገር ፈቃድ ሰጪ አካልም ያንን እውቅና ይቀበለው እንደሆነ ከመመዝገቡ በፊት መጠየቅ የነበረበት እሱ ነው። የሚጠይቀውን ግን የሚያስተምረው አልነበረም።

የእኔንም ጥፋት ልናገር፤ ሁሉን በእናንተ ላይ ጭኜ ብሄድ ነውር ነው። የላብ ደብተር ነበረኝ። በየሙከራው ቀኑን፣ የተጠቀምኩትን መጠን፣ ያገኘሁትን ምርት በመቶኛ የጻፍኩበት፣ በስተግርጌው አሲስታንቱ የፈረመበት። በተመረቅሁ ሳምንት ቤት ሳጸዳ አስወገድኩት። ማርክ ከተሰጠበት በኋላ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው። ሲለበሶቼንም እንዲሁ። ያን ጊዜ አንድ ካርቶን ብይዝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር።

ጉዳዩ የተፈታውም በደብተር ነው። አብራኝ የተማረች ልጅ የሷን አልጣለችም ነበር። ደብተሯን ይዤ ወደ መምህሩ ሄድኩ፤ እሳቸው ከሱ ላይ የሙከራዎቹን ስም፣ ቀናቸውንና የፈጁትን ሰዓት አንድ በአንድ ገልብጠው ደብዳቤ ጻፉ፤ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ፈረሙበት፤ ሬጅስትራሩም በሦስተኛው ጊዜ አተመበት። እንግዲህ አንድ ተቋም በገዛ ላቡ ውስጥ ምን እንደተሠራ ለማወቅ የአንዲት ተማሪን ደብተር መዋስ ነበረበት ማለት ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ሰባት ወር ፈጅቷል። ሲደርስ የዚያ ዓመት ቅበላ ተዘግቶ ነበር።

ዘንድሮ እንደገና አመልክቻለሁ። የፊዚክስ ላቤንም ማስረጃ ጠይቀውኛል፤ የፊዚክሱን ደብተር ያስቀመጠ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ሬጅስትራሩ ጋ ያስገባሁት ጥያቄ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አመልካች

ግልባጭ፦
በአንደኛና በሁለተኛ ዓመት ላይ ላላችሁ ተማሪዎች (የላብ ደብተራችሁን እንዳትጥሉ)
ደብተሯን ላዋሰችኝ ጓደኛዬ፣ ከምስጋና ጋር